ሁለቱም ያመሰገኑበት ግምት

ድሮ የሲራራ ነጋዴ ያድርባት በነበረች፣ ግንቧ ያረጀ ገበያዋ ግን ባላረጀ አንዲት ከተማ ውስጥ ሐጂ ዙበይር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው መገመት ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ፣ ሸሪኮች ሲለያዩ፣ ሱቅ ሻጭና ገዢ በዋጋ ሳይስማሙ ሲቀሩ «ሐጂ ያሉት ይሁን» ብለው ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ሐጂም ቢስሚላህ ብለው ይነሳሉ። ሱቅ ከሆነ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት በሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ያያሉ። ማን እንደሚገባ፣ ማን ቆም ብሎ እንደሚያይ፣ ማን ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ እንደሚያልፍ ያስተውላሉ። ከዚያ አንድ ዋጋ ይናገራሉ፤ ሁለተኛ ቃል የለም።

ዋጋውን ከተናገሩ በኋላ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቶሎ አይነሱም። ሻጭና ገዢ ጫማቸውን እያጠለቁ የሚሉትን ያዳምጣሉ። ሻጩ «ትንሽ አሳነሱብኝ» ብሎ ካጉረመረመ፣ ገዢውም «ትንሽ ከበደኝ» ካለ፣ የሐጂ ፊት ይፈካል። «አልሐምዱሊላህ፣ ሚዛኑ ተስተካክሏል» ይላሉ። ሰው ሲያጉረመርምበት ደስ የሚለው ሽማግሌ በዚያች ከተማ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በዚያው ሰፈር ሰዕዲያ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንዋር ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። አንዋር ከአንድ ጠረጴዛ በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ነበር። ሲሞት ለሚስቱና ለልጆቹ ከተወላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ስም ነው። «ንጹህ ማር» የሚል የኢንተርኔት አድራሻ፤ ነጋዴዎቹ ዶሜይን ይሉታል። አንዱ ካስመዘገበው ሌላው ያንኑ ስም ሊይዝ አይችልም። ነገር ግን በየዓመቱ ክፍያ አለው፤ ካልተከፈለ ስሙ ይለቀቅና የቀደመ ይወስደዋል። አንዋር አንድ ቀን የከተማዋን ማር በዚያ ስም ባሕር አሻግሬ እሸጣለሁ እያለ ያልም ነበር። ሰዕዲያ ደግሞ ልጆቹ ጫማ ሳይኖራቸው ለባዶ ስም ትከፍላለህ እያለች ስትጨቃጨቀው ኖራለች።

የክፍያው ጊዜ ሲቃረብ ፈድሉ የሚባል የማር ነጋዴ መጣና ስሙን ሽጪልኝ አላት። ለፈድሉ ከሐቁ አናጉድልበት፤ ዝም ብሎ ጊዜው እስኪያልፍ ጠብቆ የዓመቱን ክፍያ ብቻ ከፍሎ ሊወስደው ይችል ነበር። እሱ ግን በሯን አንኳኩቶ ጠየቀ። ሰዕዲያ ዋጋውን አታውቅም። ፈድሉም መጀመሪያ የሚናገረው እሱ እንዲሆን አልፈለገም። ስለዚህ እንደ ከተማው ወግ ወደ ሐጂ ሄዱ።

ሐጂ ዙበይር ስም ገምተው አያውቁም። ቢሆንም ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቁ፤ በዚህ በር ስንት ሰው ያልፋል አሉ። ፈድሉ ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። ነጭ ገጽ ብቻ ነው፤ የተጻፈበትም የሚሸጥበትም የለም። ማንም አያልፍም አላቸው፤ እውነቱን ነው። ሐጂ ከዓመታት በፊት የገመቱት፣ መውጫ በሌለው ቅያስ መጨረሻ የሚገኝና ፍየል ካልሆነ የማይደርስበት አንድ ሱቅ ትዝ አላቸው። ስሙን በዚያ ልክ አዩት። የአንዲት ጊደር ዋጋ ይበቃዋል አሉ።

ያን ቀን ማንም አላጉረመረመም። ሰዕዲያ የሐጂን እጅ ስማ ወጣች፤ ፈድሉም ስሞ ወጣ። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ቢያዳምጡ የሰሙት ምርቃት ብቻ ነው። ነገሩ ትንሽ ግር አላቸው፤ ግን ምስጋና የጠላ ማን አለ ብለው ተነሱ።

ሰዕዲያ በገንዘቡ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዛች። መጀመሪያ የሰፋችው ለሐጂ የሚሆን ነጭ ኮፊያ ነው። ይዛላቸው መጥታ፣ ከየሶላቴ በኋላ ዱዓ አደርግልዎታለሁ አለቻቸው። ሐጂ ኮፊያውን በየጁሙዓው ያደርጉት ጀመር። እውነቱን ለመናገር በመስተዋትም አንድ ሁለት ጊዜ ሳያዩት አልቀሩም።

ወራት አለፉና ፈድሉ ወደ ሐጂ ቤት መጣ። ፊቱ በደስታ ወዝቷል። ባለቤትዎን ለዑምራ መካ ልልካቸው ነይቻለሁ፤ በእርስዎ ምክንያት አላህ በሪዝቄ በረካ አድርጎልኛል አለ። የሐጂ ባለቤት እሜቴ ዘሃራ ካዕባን አይተው አያውቁም። ሐጂ በወጣትነታቸው ሲሄዱ ገንዘቡ ለሁለት አልበቃም ነበር፤ ያ ነገር እስከዛሬ ሐጂን ይቆረቁራቸዋል። ዘሃራ ለዚያ ቀን ብለው ያሰፉትን ነጭ ልብስ በሳጥን አስቀምጠው በየረመዳኑ አውጥተው ይተኩሱታል። የፈድሉን ቃል ሲሰሙ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ሹክር ለአላህ እያሉም ሳጥኑን ከፈቱ።

ሐጂ ግን በረካው በምን መጣ ብለው ጠየቁ። ፈድሉ ደስታው አላስችለው ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው። ማር ወደ ውጭ የሚልክ የዋና ከተማ ድርጅት «ንጹህ ማር» የሚለውን ስም ይፈልግ ነበር፤ ለእሱም ከመግዛቱ በፊት ነግረውታል። አሁን ሸጦላቸዋል። የተቀበለው የጊደር ሳይሆን የቤት ዋጋ ነው። ሐጂ ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች እጃቸውን የሳሙባት ቀን ትዝ አለቻቸው። ሰዕዲያ ያላጉረመረመችው ከሐቋ ምን እንደጎደለባት ስላላወቀች ኖሯል።

ፈድሉ ከወጣ በኋላ ሐጂ ለባለቤታቸው ነገሩን አጫወቷቸው። ለመናገር ከበዳቸው፤ ሚስታቸውን ምን እንደሚቀሟቸው እያወቁ ነው የሚናገሩት። ዘሃራ እስከ መጨረሻው ሰሙና «የየቲም ልጆች ሐቅ ለብሼ ነው እንዴ የአላህን ቤት የምዞረው?» አሉ። ሄደውም የሳጥኑን ክዳን ዘጉት። ሐጂ በዚያች ሰዓት ሚስታቸውን ከመቼውም ይበልጥ ወደዱ፤ አፈሩም።

በማግስቱ ወደ ኢማሙ ሄደው የሆነውን ነገሯቸው፤ በሰው ፊት ልናገረው አስቤያለሁም አሉ። ኢማሙ አጽናኗቸው፤ አስቦና ደክሞ የሳተ ሰው አይወቀስም፣ ሽያጩም በሁለቱ ውዴታ ያለቀ ነው አሏቸው። ይልቅ ይህን በአደባባይ ቢያወሩት በእርስዎ ቃል የታረቀ ሁሉ ነገሩን እንደ አዲስ ያነሳዋል፤ ግማሹ የከተማው ውርስ የተከፈለው በእርስዎ ግምት ነው አሉ። ሐጂም ይህን ያውቃሉ። ስማቸው ከጠፋ እንጀራቸው ብቻ ሳይሆን የስንት ቤት ሰላም አብሮ ይናጋል። «የደከምኩት ለሱቅ ነው፤ ያ ሱቅ አልነበረም። የማላውቀውን አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው» አሉና ወጡ።

በቀጥታ ወደ ሰዕዲያ ነው የሄዱት። የስፌት መኪናዋ ላይ አገኟት። ኮፊያውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ነገሯት። የሰዕዲያ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ሐጂ ቁጣ ጠብቀው ነበር፤ ብትቆጣቸው ደግሞ ይቀላቸው ነበር። እሷ ግን ክሩን በጣቷ ጠቀለለች። «ታዲያ አንዋር ሞኝ አልነበረም ማለት ነው» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እስኪሞት ድረስ በዚያ ስም እንደተጨቃጨቀችው፣ እሱም አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ እያለ ይስቅ እንደነበር አወራቻቸው። ሐጂም አብረው አነቡ።

ፈድሉ ዘንድ ሲደርሱ የዑምራውን ስጦታ እንደማይቀበሉ ነገሩት። ፈድሉ ደነገጠ፤ ከዚያም ተቆጣ። «አልዋሸሁም ሐጂ። ማንም አያልፍም አልኩ፤ አያልፍም ነበር» አለ።

«አልዋሸህም። ማን ይፈልገዋል ብዬ አልጠየቅሁህም። ያለመጠየቁ ጥፋት የእኔ ነው፤ ያለመናገሩን አንተ ከጌታህ ጋር ተነጋገርበት» አሉት። ገንዘቡን መልስ አላሉትም። ጁሙዓ ስለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ የእሱን ስም ግን እንደማያነሱ ነግረውት ሄዱ።

ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በአሮጌ ሻሽ ተጠምጥመው ጀመዓው ፊት ቆሙ። «የማላውቀውን ገምቼ ሰው ጎድቻለሁ። በግምቴ ተበድያለሁ የሚል ካለ በሬ ክፍት ነው፤ እዚሁ ዓለም እንጨርሰው፣ ወደ አኺራ አታሻግሩብኝ» አሉ። ኢማሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኢማሙ የፈሩት አልቀረም፤ በማግስቱ የሐጂ ደጅ ሰው ሞላው። አንዳንዱ አሮጌ ቂሙን ይዞ መጣ። ሐጂ ከእያንዳንዱ ጋር እየሄዱ ዳግም አዩ። የአንድ ግቢ አጥር ላይ በእርግጥ ተሳስተው አገኙትና ወንድማማቾቹን አስማምተው አስተካከሉት። የቀረው ግን ሲታይ የመጣው ለአቤቱታ አይደለም፤ አዲስ ቤት ገምቱልን ለማለት ነው። ስህተቱን በአደባባይ የተናገረ ገማች ሥራ ይፈታል ብሎ የጠበቀ ካለ ሰውን አያውቅም።

ፈድሉ ለሳምንታት ከሐጂ ደጅ ጠፋ። በመስጊድም ከኋላ ሰልፍ ቆሞ ቶሎ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ጠብቋቸው፣ ሰዕዲያ ቤት አብረን እንሂድ አላቸው። እዚያም ደርሰው፣ ከትርፉ የሚደርሳትን ሐጂ ይገምቱልን አለ። ሰዕዲያም በእርስዎ ቃል እስማማለሁ አለች። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ አሁንም እሳቸውን መረጠች።

«እኔ አልገምትም። አንተ የምታውቀውን ሁሉ እሷ ፊት ተናገር፤ አንቺም እሱ ፊት። ከዚያ ራሳችሁ ገምቱ» አሉ ሐጂ።

ፈድሉ ድርጅቱ መቼ እንዳናገረው፣ ምን እንዳሉት፣ ምን እንደከፈሉት አንድ በአንድ ተናገረ። ሰዕዲያም እሱ ባይመጣ ኖሮ የዓመቱን መክፈል አቅቷት ስሙ ሊለቀቅ እንደነበር አልደበቀችም። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የሚበልጠው ለእሷ፣ የተረፈው ለእሱ ሆኖ ተጨባበጡ። ፈድሉ ጫማውን ሲያጠልቅ፣ ገዢውን ያገኘሁት እኔ አልነበርኩም እንዴ እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። ሰዕዲያም መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንዋር ቢኖር ከዚህ በላይ ያገኝበት ነበር ትላለች። ሐጂ ሁለቱንም ሰሙ። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው አልሐምዱሊላህ አሉ። ኮፊያው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ሰዕዲያ አንስታ ሰጠቻቸውና ተቀበሉ።

ኢማሙ በኋላ፣ ማንም ሳይከስዎት ጥፋቱን እንዴት አገኙት ብለው ጠየቋቸው። ሐጂ ዙበይርም «ምስጋና ሲበዛልህ ማን እንደከፈለበት ጠይቅ» አሉ።

እኛ በደልን የምናውቀው በጩኸቱ ነው። የጮኸ ከሌለ ሰላም ነው ብለን እንተኛለን። መበደሉን ያላወቀ ሰው ግን አይጮህም፤ እንዲያውም እጃችንን ስሞ ይመርቀናል። ሽማግሌው የፈሩት ያንን ምርቃት ነው። ምስጋናን ጠልተው አይደለም፤ ስህተታቸውን መካስ በሚቻልበት በዚህ ዓለም ሳሉ ስላወቁት በየሱጁዳቸው ሲያመሰግኑ ኖረዋል። ሰዕዲያም ከገንዘቡ ይልቅ የባሏ ሕልም ባዶ እንዳልነበረ በማወቋ ታመሰግን ነበር።

እሜቴ ዘሃራ ለዑምራ አልሄዱም። ነጩ ልብስ በየረመዳኑ ከሳጥን እየወጣ ይተኮሳል። የላላውን ጠርዙን ሰዕዲያ በመኪናዋ ዘምዝማላቸዋለች፤ የሠራችበትንም ዋጋ ዘሃራ በግድ ከፍለዋታል። ሲከፍሉ በዛብኝ፣ ስትቀበልም አነሰኝ መባባላቸውን ሐጂ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። አላህ የምንመረቅበትን ሁሉ ከሰው ሐቅ የጠራ ያድርግልን።