የቤተ ክርስቲያኗን ክዳን የደፋው ጭራቅ

«የተሳለመ ሁሉ አልጸለየም» ይል ነበር የሳር ከዳኙ የቢያድግልኝ አባት።

ተረት ተረት።

የመሰረት።

መሰረቱ ላይ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ ክዳን።

በድሮ ጊዜ አንዲት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ሰንበሌጥ ሳር። ጉልላቷ ጫፍ ላይ የሰጎን እንቁላል ተሰክታለች። እንቁላሏ ትናገራለች። ካህናቱ ግን እንቅልፍ ስለሚወዱ ሰምተዋት አያውቁም። የሚሰማት ክዳኑን ሊጠግን የሚወጣው ቢያድግልኝ ብቻ ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ መላጣ ጭራቅ ከማዶ መጣ። ፀሐይ አናቱን ለብልባዋለች። ቤተ ክርስቲያኗን ከላይ ሲያያት ባርኔጣ መሰለችው። ጉልላቷን ይዞ ክዳኗን ብድግ አደረገና ደፋው። ልክ ሆነለት።

መንደሩ ተጨነቀ። ዝናብ ከመጣ ግድግዳው ይሟሟል። ሥዕሉም መቅደሱም ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ቄሰ ገበዙ ወጥተው ገዘቱት። ጭራቁ ግዝቱን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማና «አሜን» አለ። መሪጌታው ወጥተው ረጅም ቅኔ ዘረፉበት። «ይበል፣ ይበል» አለ፤ ክዳኑን ግን አላወለቀም። ዲያቆኑ ተራው ሲደርስ ከከበሮው ጀርባ ሆኖ ገና ተማሪ ነኝ አለ።

ቢያድግልኝ የአባቱ ቃል ትዝ አለው። ይኼ ጭራቅ ጸሎት አይገባውም፤ ወግ ግን ያውቃል። ሮጦ ፊቱ ቆመ።

«ጌታው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባርኔጣ ደፍተው ያልፋሉ? እናት አላሳደገችዎትም?»

ጭራቁ አፈረ። አወለቀ። መሬት ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እንቁላሏ አፍ አውጥታ፣ «አጋድለህ ልትሰብረኝ ነው? ልኬ ላይ አስቀምጠኝ» አለችው። ልኳ ደግሞ ግድግዳው ነው። እዚያው አስቀመጣት፣ ወድቆ ሰገደ፣ ተሳለመ።

ተነሥቶ ክዳኑን መልሶ ደፋ። ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ጭራቁ ዞር ቢል ቤተ ክርስቲያኗ አሁንም ፊቱ ናት። አወለቀ፣ ልኩ ላይ አስቀመጠ፣ ሰገደ፣ ተሳለመ።

በሦስተኛው ክዳኑን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሊሄድ ሞከረ። ፀሐይ መላጣውን ለበለበችው። ወዲያው ደፋው። ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። መንደርተኛውም አብሮ ጠረገ። ጭራቁ አወለቀ፣ አስቀመጠ፣ ሰገደ፤ ሲነሣ ወገቡ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን አልነካም። ቁጭ ብሎ መላጣውን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቢያድግልኝ አዘነለት። ከተረፈው ሰንበሌጥ የሳር ክምር የሚያህል ባርኔጣ ጎነጎነለት። ጭራቁ ያንን ደፍቶ ተነሣ። ገና ማዶ ሳይደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ግድግዳው ግን ጠብታ አልነካውም። ቄሰ ገበዙ ግዝቴ ሠራ እያሉ ሲያወሩ እንቁላሏ ጉልላቷ ጫፍ ላይ ሆና ሳቀች።

እንግዲህ ልጆች፣ ጨዋ ነኝ የሚል ሌባ ከገጠማችሁ በዚያው በጨዋነቱ ያዙት። ተረቴንም መልሱልኝ፤ እንደ ክዳኑ፣ ልኩ ላይ።

ጭራቁ ሲሰናበት ለቢያድግልኝ ያለው ይኼ ነው፦ «ወንድሜ፣ ሌባ ነው ብለህ አውራ፣ ግድ የለኝም። ባለጌ ነው ግን እንዳትል፤ እናቴ ትሰማለች።»