አርባ አንደኛው ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሰላምታውን በክርኑ በሚሰጥበት ዘመን፣ ቆርኬ በምትባል የደቡብ ከተማ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ነበረ። ነበረ ስላችሁ የጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ ዛሬም አለ። እኔም ከበሩ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን በመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ውስጥ ተቀምጬ። ፍርዱን ግን ለእናንተ አምጥቻለሁ፤ እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም።

ከተማችን ብዙ ነገር የላትም። ያላት ኮሌጁ ነው፤ ኮሌጁ ያለው ደግሞ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ነው። ድሮ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ አይገኝም፣ ሰዉ ሁሉ ከሜዳው ዳር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ ጥቅል ቆሎ ይበላሉ። ጎል ሲገባ ያቀፍከው ሰው ማን እንደሆነ የምታየው ከለቀቅከው በኋላ ነው። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና በሩ ተዘጋ። ስምንት ወር ሙሉ ኮሌጁም ኳሱም ቆሙ። ከዚያ ጨዋታው ያለ ተመልካች ይቀጥል ተባለ፤ ይሄኛው ባሰ። ኳስ ስትመታ እስከ ሱቄ ድረስ ትሰማለች፤ የአሠልጣኙ ሳል ሳይቀር ይሰማል፤ የሚጮህ ግን የለም። እንደ እኔ ኳስ የማይወድ ሰው እንኳ ላለመስማት መስኮቱን ይዘጋ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ወር ፈቃድ መጣ። የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ በእኛ ሜዳ፣ ተመልካች ባለበት ይካሄዳል። ደስ ብሎን ሳናበቃ መመሪያው ተነበበ። ሁሉም ጭምብል ያደርጋል። መጮህና ከበሮ መምታት ክልክል ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚገባም የሚወጣም የለም። በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኖራል። ከተፈቀደው ቁጥር አንድ ሰው እንኳ ቢበልጥ ጨዋታው ይሰረዛል።

የኮሌጁ ዘበኛ ጋሽ ሌንጫ ደረጃውን ተራምዶ ለካና በኖራ ክብ ክብ አደረገ። አርባ ቦታ ወጣ። ለአርባው ቦታ ዕጣ ተጣለ፤ የዕጣውን ወረቀት ያባዛሁት እኔ ነበርኩ። ስም እየጻፉ ሲከቱ አየሁና እንዲያው ለወጉ የራሴንም ከተትኩ። ወጣልኝ! አሥራ ሰባተኛ ቦታ። ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ቅጣት ምትና የማዕዘን ምት የማልለይ እኔ ገባሁ። ዕጣ እንዲህ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደናፈቀ አይጠይቅም።

በጨዋታው ዕለት ጠዋት የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ ዳመነች ደረጃውን ስትጠርግ የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ባዶ መሆኑን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ቀረ?» አለችው ሌንጫን።

«ለአንድ ሰው አይበቃም። ሁለት እርምጃ አይሞላም።»

«የማን እርምጃ?»

«የአዋቂ ነዋ!»

ሌንጫ ቅልጥሙ ብቻ የሰው ቁመት የሚያህል ረጅም ሰው ነው። ዳመነች ደግሞ ደረቱ ላይ አትደርስም። መጥረጊያዋን አስቀመጠችና ከረድፉ መነሻ ጀምራ ተራመደች። ሌንጫ አራት ሰው ባስቀመጠበት ረድፍ በእሷ እርምጃ አምስት ሰው ገባ።

«እኔስ አዋቂ አይደለሁም? የሁለት ልጆች እናት ነኝ እኮ!» አለች።

የኮሌጁ ዲን ተጠራ። ጨዋታውን እንድትቆጣጠር የተላከችው ሲስተር መመሪያውን ገልጣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የአዋቂ ይላል እንጂ የረጅም አዋቂ አይልም» ብላ ፈቀደች። ሌንጫ እየሳቀ አራቱን ክብ አጥፍቶ አምስት ሠራ። አርባ አንደኛው ቦታ እንዲህ ተገኘ። ዕጣው ደግሞ አልቋል፤ ወሬው ግን ከተማውን ለመዞር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛ አርባዎቹ ከተቀመጥንበት ደረጃ አጠገብ ባለው በር ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር።

የመጀመሪያው ልብስ ሰፊው ጋሽ ጡሚሶ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደጋፊውን ያስጨፈረው፣ ከበሮውን ሲመታ የተቀመጠ ሽማግሌ የሚያስነሳው እሱ ነው። ጨዋታው ያለ ተመልካች በተጀመረበት ዕለት ከሦስት መቶ የማያንስ ሰው አጥሩን ገፍቶ ሁለት ቋሚ ነቅሎ ነበር። ጋሽ ጡሚሶ ከሁሉም ፊት ነበር፤ አንድ እግሩን አስገብቷል። ምን እንደታየው አላውቅም፣ እግሩን መለሰና ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። «እኔን ረግጣችሁ ግቡ!» አለ። ስንት ዓመት አብረውት የዘፈኑ ሰዎች ባንዳ ብለው ሰደቡት፤ አንዱም ሻርፑን ጠቅልሎ ፊቱ ላይ ወረወረበት። እሱ ግን ከክፍተቱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሰዉ እያጉረመረመ ተመለሰ። ያን ዕለት ቢገቡ ኖሮ ውድድሩ እዚያው ይቀር ነበር፤ ማን ታሞ ማን ይሞት እንደነበረም አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዳኛው ፊሽካ ስትሰማ ጋሽ ጡሚሶ የስፌት መኪናውን ያቆማል። ደንበኛ ቢመጣ ቆይ እንደማለት እጁን ያነሳል። በድምፅ ብቻ ኳሷን ማን እንደመታት ያውቃል ይሉታል። እኔ ያን አላውቅም፤ አንድ ቅዳሜ ጨርቅ ላሰፋ ሄጄ ጭምብሉ በእንባ ርሶ ነው ያገኘሁት። ዛሬ ከበሮውን ቤቱ ትቶ መጥቷል።

«ጨዋታው ለዛሬ የደረሰው እኔ ያን ቀን ስላልገባሁ ነው» አለ። «ዛሬ ልግባ።»

ሁለተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ዝንጅብል ነጋዴ፣ የገጠር ሴት። የቡድናችን በረኛ ምንታምር ልጃቸው ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አላዩም፤ «ሴት ልጅ በቁምጣ!» ብለው ስለኳስ እንዲወራ እንኳ አይፈቅዱም ነበር። ኮሌጁ ተዘግቶ ልጅቱ ቤት ስትገባ ግን የምትለማመድበት ሰው አጣች። አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ «እማዬ፣ እባክሽ አንዴ ወርውሪልኝ» አለቻቸው። ለመገላገል ብለው ወረወሩ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ከማሳ ላይ ዝንጀሮ በድንጋይ ሲያባርሩ የኖሩ ናቸው፤ ኳሷ የልጅቱን መዳፍ አቃጠለችው። «ድገሚልኝ!» አለች ልጅቱ። ስምንት ወር ሙሉ፣ በሁለት እንሰት መካከል፣ ከቤት ሥራ በኋላ በየቀኑ ወረወሩላት። ልጅ ሲወድቅ የሚደነግጡት እናት «በግራሽ ውደቂ!» እያሉ መጮህ ለመዱ።

ኮሌጁ ሲከፈት ልጅቱ ተመለሰች፤ ኳሷም ሄደች። ወይዘሮ አስካለ እንደነገሩን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጃቸው ሥራ ይፈታል፤ ጓሮ ይወጡና በሁለቱ እንሰት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አይተው ይገባሉ። የዕጣውን ነገር የሰማ ሰው በሰፈራቸው አልነበረም። የፍጻሜውን ቀን ሲሰሙ ብቻ አምስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ምንታምር መምጣታቸውን አታውቅም። በሚመጣው ወር ትመረቃለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጫወትበት ቡድን የለም።

«እኔ የወረወርኩትን ስትይዝ አይቻለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው የመታውን ስትይዝ አላየሁም። አንዴ ልያት።»

ሦስተኛዋ ዳመነች ናት። ወረርሽኙ እንደጀመረ የኮሌጁ ማደሪያ ከዓረብ አገር ለተመለሱ ሰዎች ማቆያ ሆኖ ነበር። ሌሎቹ የጽዳት ሠራተኞች ፈርተው ሲቀሩ እሷ ልጆቿን እህቷ ጋ ትታ ገባች። ስልሳ ሦስት ቀን ከግቢው አልወጣችም። በእነዚያ ቀናት ሳይቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ወርዳ ባዶውን ደረጃ ትጠርግ ነበር። ማቆያ ያሉት በመስኮት እያዩ «ማን ሊቀመጥበት ነው?» ይሏታል። «አንድ ቀን ይመጣሉ» ትላቸዋለች።

ይህች ሴት ከጨዋታ በፊት ትጠርጋለች፣ ከጨዋታ በኋላ ትጠርጋለች፤ ጨዋታው ሲካሄድ የቢሮዎቹን ሽንት ቤት ታጥባለች። ጩኸቱን የምታውቀው በግድግዳ ነው። የዛሬው መመሪያ ደግሞ ሠራተኛም ቢሆን ከተቆጠሩት ውጭ ማንም ግቢ ውስጥ አይቆይም ስለሚል ከበሩ ውጭ ከሁለቱ ጋር ቆማለች። የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ።

«አሥራ አንድ ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም» አለች። «ይሄን ቦታ ደግሞ ማንም አልሰጠኝም። በእግሬ ለክቼ ያገኘሁት ነው።»

ዲኑ ሦስቱንም ሰማ። መልካም ሰው ነው፣ ግን መወሰን አይሆንለትም። አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ዞረ፣ ላቡን ጠረገ። አጋማሽ አጋማሹን ተካፈሉ እንዳይል መግባትና መውጣት ክልክል ነው። አብራችሁ ተቀመጡ እንዳይል ጨዋታው ይሰረዛል። እንደገና ዕጣ እንጣል ሲል ሦስቱም በአንድ ቃል እምቢ አሉ።

«ዕጣ አንድ ጊዜ አይቶ አልፎኛል» አለ ጋሽ ጡሚሶ።

«ልጄን በዕጣ አልወለድኳትም» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ዳመነች ደረጃውን የለካችበትን ጫማዋን አየች።

እርስ በርሳቸው አልተጣሉም፤ ይሄን ልንገራችሁ። ጋሽ ጡሚሶ ለወይዘሮ አስካለ ከሱቄ ወንበር አምጥቶ ከጥላ ሥር አስቀምጧቸዋል። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ዳመነችን «የኔ ልጅ፣ ስልሳ ሦስት ቀን ልጆችሽን ሳታዪ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ዳመነችም ጋሽ ጡሚሶን ያለ ከበሮው ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን አንዳቸውም ከበሩ አልራቁም። እያንዳንዳቸው የሌላውን ናፍቆት አይተው አዘኑ፤ የራሳቸው ግን አልቀነሰም። ናፍቆት እንደዚያ መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ዲኑ የድምፅ ማጉያውን አንስቶ ወደ እኛ፣ ተቀምጠን ወደነበርነው አርባ ሰዎች ዞረ። «ከእናንተ መካከል ቦታውን ለመልቀቅ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድም ሰው አልተነሳም። አርባችንም ሜዳው ላይ አዲስ ነገር የበቀለ ይመስል ሣሩን ማየት ጀመርን። እኔም አየሁ። ኳስ አልወድም ብያችኋለሁ፤ ግን አሥራ አራት ወር ከሱቄ ግድግዳ ጋር ስኖር ከርሜ፣ ሁለት እርምጃ ርቆም ቢሆን ከሰው መካከል መቀመጥ ምን እንደሚመስል አሁን ገና ቀምሼው ነበር። መነሳት አቃተኝ። ጭምብሉ ፊቴን ስለሸፈነልኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ስለዚህ እኔን አትውቀሱኝ አልልም። ውቀሱኝ። ግን እኔ ተነስቼም ቢሆን አንዱ ውጭ መቅረቱ አይቀርም ነበር።

ተጫዋቾቹ ወጡ። ምንታምር ወደ ጎሏ ሄደች፤ ጓንቷን አጥብቃ፣ ሁለቱን ቋሚዎች በየተራ ነካች። ደረጃውን አንዴ ቀና ብላ አየችው። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ሰው የሌለበት አንድ የኖራ ክብ ነበር።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። ሲስተሯ በጣቷ ሁለት ደቂቃ ቀረ አለች። ዲኑ ከሦስቱ ፊት መቆም ቢያቅተው ለጋሽ ሌንጫ «የበሩ ዘበኛ አንተ ነህ፣ አንዱን አስገባና ዝጋ!» ብሎት ወደ ሜዳው ሄደ። ሌንጫ ቁልፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ቁመት አንድ ክንድ የቀረው መሰለኝ።

ከዚያ የሆነውን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሌንጫን ትደግፋላችሁ ወይም ትነቅፋላችሁ እንጂ ራሳችሁ አትፈርዱም። በእኔ ሱቅ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ይጨቃጨቃል፤ ወረቀቱን ረስቶ የሄደም አለ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ለዚህ ቀን ሲል ራሱን ከደጅ ያስቀረው ሰው አለ። የልጇን እጅ በገዛ እጇ አሠልጥና ፍሬውን ያላየች እናት አለች። ቦታውን ከምንም ያስገኘች፣ ግን በሕይወቷ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት አለች። ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው፤ በሩ ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈታል። ሦስቱም አፋቸው ተሸፍኗል፤ የሚታያችሁ ዓይናቸው ብቻ ነው። አንዱን ካስገባችሁ በኋላ የሁለቱን ዓይን እያያችሁ በሩን የምትዘጉት ራሳችሁ ናችሁ።

ቦታው የሚገባው ለማን ነው?