አንድ ምዕራፍ የቀረው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ዘመን፣ አንድ አህያ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ «የጭነት ክብደትና የአህያ ወገብ» ነው። ይህን ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል? የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። በጫካው ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ጭነት አይሸከምም፤ የጭነት ኃላፊ ሆኖ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛል። ቦታው ደግሞ አንድ ነው፤ ቀድሞ የተመረቀ ይይዘዋል።

አብሮት የሚማረው ጅብ ነበር። ጅቡ አንድ ገጽ ሲገልጥ የፊተኛውን ይረሳል። ሽፋኑ ቆዳ የሆነ መጽሐፍ ከሰጡትማ ሳያነበው ይበላዋል። ስለዚህ አህያው ቦታውን የራሱ አድርጎ ቆጥሮታል።

አንድ ቀን የጭነት ደላላዋ ቀበሮ ከተፍ አለች።

«አህያዬ፣ ትንሽ ትርፍ ሥራ አለች» አለችው። «ጤፍ ወፍጮ ቤት ማድረስ ነው። ክፍያው ንጹሕ ገብስ።»

«መጀመሪያ ምዕራፌን ልጨርስ፣ እሜት ቀበሮ።»

«ምዕራፉ የት ይሄድብሃል? እግር የለው። ገብሱን ግን ዛሬ ካልወሰድከው በቅሎ ትወስደዋለች።»

አህያው የበቅሎ ስም ሲነሳ አያስችለውም። ተጫነ።

በማግሥቱ ጨው መጣ፤ ከዚያ ድንጋይ፤ ከዚያ የዝንጀሮ ሠርግ ድንኳን። አህያው ቤቱ ሲገባ ገብሱን ቆርጥሞ ይተኛል። አማካሪው አንበሳ መንገድ ላይ አገኘው።

«ምዕራፉስ?»

«በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ፣ ጋሼ።»

«ባለፈውም በዚህ ሳምንት ብለኸኝ ነበር።»

«እሱ ሌላ ሳምንት ነው፣ ጋሼ።»

ጅቡም ትርፍ ሥራ ፈልጎ ቀበሮን ለምኗት ነበር። «አንተን ሥጋ አስጭኜ ማን ሊያምነኝ ነው?» ብላ አባረረችው። ሌላም የሚቀጥረው ጠፋ። ሥራ ያጣ ጅብ ምን ያድርግ፤ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ተሳሳተ፣ ሰረዘ፣ ደግሞ ጻፈ። አንበሳው እየደጋገመ መለሰበት፤ በመጨረሻ ራሱ ደከመውና አሳለፈው።

ከዚያ ቀበሮ እንደገና መጣች። «የዛሬው ቀላል ነው» አለች፤ «የምረቃ ጋዋን ነው የምትጭነው።» አህያው ጋዋኖቹን ተሸክሞ አዳራሽ ገባ። ተመራቂዎች እየመጡ ከጀርባው አነሱ። አንዱ ግን የሚያነሳው አጣ።

«ይሄኛው የማን ነው?» አለ አህያው።

«ያንተ ነበር» አለ አንበሳው። «ትጨርሳለህ ብዬ በልክህ አሰፍቼው ነበር።»

አህያው ወደ መሬት አየ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የዚያን ቀን ያህል ከባድ ነገር ተሸክሞ አያውቅም።

ይሄኔ አዲሱ የጭነት ኃላፊ፣ አያ ጅቦ፣ ጋዋኑ ሆዱ ላይ ተወጥሮ፣ ቆቡ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረበው።

«አህያ ወንድሜ፣ ነገ ቢሮዬ ና። ስለ ደሞዝህ እንነጋገራለን።»

«ከእሜት ቀበሮ ጋር ልምጣ፣ አለቃ?»

«ኧረ ለብቻህ» አለ ጅቡ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ። «ምሳም እዚያው ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሊያልቅ የተቃረበ ትምህርታችንን ለትርፍ ሥራ ብለን ብናቆየው ሥራው እንደማይጠፋ፣ አለቃችን ማን እንደሚሆን ግን መምረጥ እንደማንችል ነው።