ጠበል የጠጣችው መኪና

እኛ ሰፈር አንድ ሰው የተነገረውን አልሰማ ብሎ በገዛ እጁ ሲቸገር፣ ከእናቶች አንዷ አንዲት አባባል ጣል ታደርጋለች፤ የሰማ ሁሉ ይስቃል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ግን ግራ ይገባዋል፤ ጠበልና መኪና ምን አገናኛቸው ብሎ ይጠይቃል። ያገናኛቸው ጥላዬ ነው።

ጥላዬ አዳማ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ አሮጌ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ እግዜር ሲረዳው ሃይብሪድ የሚሏትን፣ በነዳጅም በባትሪም የምትሄደውን መኪና ገዛ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጾም አይገድፍ፣ ለቅሶ አይቀር። ያለበት አመል አንድ ነው፤ መምከር እንጂ መመከር አይወድም።

የእህቱ ልጅ እንዳልክ ኢተያ ላይ አንዲት ጨዋ ልጅ አግኝቶ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። እህቱ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነውና «ወንድሜ፣ አደራህን፣ እንዳታሳፍረኝ» ብላ ጉዳዩን በጥላዬ ላይ ጣለችው። የልጅቱ አባት ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ቀልድ አያውቁም ይባላል፤ ከዚያ በፊት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ቁጭ በሉ ሳይሉ መልሰዋል። ለእነጥላዬ ግን ቀን ቆርጠው፣ አራት ሰዓት ላይ እንዲደርሱ፣ ሲመጡም ለሚያማቸው ጉልበት የአቦን ጠበል እንዲይዙላቸው ላኩባቸው።

ከመንገዱ በፊት እንዳልክ አጎቱን ለምኖ መኪናዋን በዳሳ መካኒኩ ጋ ወሰዷት። በዳሳ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት የኩላንት፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ማስቀመጫ አሳያቸው። ትልቁ ለሞተሩ፣ ትንሹ ለኤሌክትሪኩ ነው አለ፤ ትንሹ ጎድሏል። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት፣ ሮዝ ቀለም ያለውን፣ ለዚች መኪና ተብሎ ተመጥኖ የመጣውን ነው፤ ሌላ አይቀላቀልበትም፣ ውሃም አይጨመርበትም። እሱ ጋ ስላለቀ ከሱቅ ገዝተው እንዲሞሉ ነገራቸው።

ጥላዬ ቤቱ ከሚኒባሱ የተረፈ አረንጓዴ ኩላንት ነበረው። «ቀለም የምታማርጠው ሙሽራ ናት እንዴ?» አለና ትንሹን ማስቀመጫ በአረንጓዴው ጢም አድርጎ ሞላው። እንዳልክ ለትልቅ ሰው አፍ አይመልስም፤ ሄዶ ሮዙን ገዛ፣ ወረቀት ለጠፈበት፣ ከጠበሉ ጀሪካን አጠገብ ከኋላ አስቀመጠው። ጥላዬ አየው፤ አይቶም ጋቢውን ጣል አደረገበት።

በቀኑ በጠዋት ተነሡ። ከፊት የነፍስ አባቱ መምሬ ኃይለጊዮርጊስ፣ ከኋላ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደበሌ። እስከ ዴራ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም፤ ጥላዬም አገሩን ሁሉ እሱ የሠራው ይመስል ያወራ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ጥላዬ በመዳፉ ሸፈነው። ትንሽ እንደሄዱ መኪናዋ ጢጥ፣ ጢጥ አለችና መሀል ዳገት ላይ ቆመች።

ኮፈኑን ሲከፍት አረንጓዴውና ሮዙ ተቀላቅለው እንደ ቀዘቀዘ አጃ ረግተዋል። ልቡ ወዲያውኑ አውቆታል፤ ከጋቢው ሥር ያለውን ሮዝ ማውጣት ግን መረታት ሆነበትና አፉ «ጠምቷታል» አለ። በአካባቢው የተገኘ ውሃ ደግሞ ያ የጠበሉ ጀሪካን ብቻ ነው።

መምሬ እጁን ያዙት። «ተው ጥላዬ፣ እሱ የታማሚ ነው።»

«አባቴ፣ ጠበል የማያድነው ነገር አለ?»

«ለሚያምን ነዋ። ይቺ መቼ አመነች?»

ጥላዬ ግን ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የእህቱ ፊት ድቅን አለበት። በስመ አብ ብሎ ጠበሉን አፈሰሰበት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ገብቶ ቁልፉን ተጫነ። ጢጥ አለች፤ ሌላ ምንም።

በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አዝኖላቸው በገመድ ጎተታቸው። ኢተያ የገቡት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ሕዝቡ በየደጁ ወጥቶ ነጠላ ለብሰው የሚጎተቱትን ሽማግሌዎች ያያል። ጋሽ ወንድይፍራው ከዘራቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆመዋል። ከሰዎቹ በፊት ያዩት መኪናዋን ነው።

ሦስቱም እንደ ደንቡ ቆሙ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። መምሬ ገና ንግግር ሲጀምሩ ጋሽ ወንድይፍራው አቋረጧቸውና ጠበሉ የታለ አሉ።

ጥላዬ መምሬን አየ። መምሬ ሰማዩን አዩ።

«መኪናዋ ጠጣችው» አለ ጥላዬ።

ጋሽ ወንድይፍራው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩና «ተሻላት?» አሉ።

ጋሽ ደበሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ጋሽ ወንድይፍራው እያነከሱ ሄደው ኮፈኑን አስከፈቱ፣ የረጋውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያው ባዶ ጀሪካኑን እንኳ ስጡኝ አሉ። ጥላዬ ከኋላ ከፍቶ ጀሪካኑን ሲያነሣ ጋቢው አብሮት ተነሣ፤ ያልተከፈተው ሮዝ ኩላንት ከነወረቀቱ ወለል ብሎ ታየ። ሊሸፍነው ቢል አልደረሰም። ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «አጎቴ፣ መካኒኩ እንዳለን ለሁለቱም ይኼ ብቻ ነው። የልጅ ምክር ነው ብለው እንዳይተዉት። እንዳልክ።»

«ይኼ እንዳልክ ልጄን የሚጠይቀው ነው?»

«እሱ ነው ጋሼ» አለ ጥላዬ። አለቀልን ብሎ መሬት መሬት አየ፤ ለእህቱ ምን ብሎ እንደሚመለስ ያስብ ጀመር።

ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀቷን ልቅም አድርገው ላጧትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ጥላዬ ዞረውም የፊታችን ቅዳሜ ጠበሉን ራሱ ቀድቶ፣ እንደ ማንኛውም ሰው በአውቶቡስ ተሳፍሮ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ወንበሮቹ ዘርግተው «በሉ ቁጭ በሉ» አሉ።

መምሬ ኃይለጊዮርጊስ እንደ ተቀመጡ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጥላዬን በጎን እያዩ ያቺን አባባል ጣል አደረጉ፦ «ጠበል ለሚያምን፣ ሮዙ ለመኪና፣ ልጅ ለሚሰማ።»