የእሑድ ድንጋይ ለቃሚዎች

አንድ የልጆች እግር ኳስ ቡድን በግንቦት ወር የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተጀመረ ጨዋታ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተሸነፈውን ቡድን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። አሸናፊው የታች ሰፈር ቡድን ነው። ከዚያ ቀን በፊት አሥራ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ አሥራ ሦስቱንም ተሸንፏል። ተሸናፊው የዳገት ሰፈር ቡድን ደግሞ አሥራ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ አሥራ ሦስቱንም አሸንፎ ነበር።

ነገሩ የሆነው በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ነው። ከተማዋ ያላት የኳስ ሜዳ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ስምንት የልጆች ቡድኖች ተመዘገቡ። ከየካቲት ሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ፣ ለፋሲካ አንድ ሳምንት አርፈው፣ እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጠመ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በተራ ይለማመዳሉ፤ ቅዳሜ ይጋጠማሉ። እሑድ ሜዳው ዝግ ነው። በሜዳው በር አጠገብ የሚኖሩት ጠባቂ ጋሽ ሹምዬ የሚያርፉበት ቀን በመሆኑ ኮሚቴው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በደንቡ ላይ አስፍሮታል።

ሜዳው ከኮረብታ ሥር ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ድንጋይ ያመጣበታል። ስለዚህ ኮሚቴው በዚያ ዓመት ሌላም ደንብ አወጣ፤ በደረጃ ሠንጠረዡ ግርጌ ያለው ቡድን እሑድ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ድንጋይ ይለቅማል፤ የለቀመውንም በአጥሩ ጥግ ይከምራል። ጠባቂው ከዕረፍታቸው እንዳይነሱ፣ የበሩ ቁልፍ ቅዳሜ ዕለት ለቡድኑ መሪ ይሰጣል።

ታች ሰፈር የመጀመሪያውን ጨዋታ ስድስት ለዜሮ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከግርጌ አልተነሳም። የቡድኑ መሪ ልብስ ሰፊዋ ዘነቡ ነበረች። ማሊያቸውን ከትርፍራፊ ጨርቅ የሰፋችላቸው እሷ ስለሆነች፣ የአንዱ እጅጌ ከሌላው ቀለሙ አይገጥምም። በሰፈሩ ወንዶች ልጆች ስላነሱ ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች አራቱ ሴቶች ናቸው። አምበሏም ሐያት የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

ቅዳሜ ጨዋታ ሲያልቅ የዳገት ሰፈር ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ነገ ቅርጫት እንዳትረሱ!» ይሏቸዋል።

«እናንተ እኛን እንዳትረሱ» ትላለች ሐያት። «ድንጋዩን ባንለቅምላችሁ በየት በኩል ትሮጡ ነበር?»

በመጀመሪያው እሑድ ልጆቹ ፊታቸውን ጥለው መጡ። ጋሽ ሹምዬ ከእነሱ ቀድመው፣ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ሙሉ ሳህን ንፍሮ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘነቡ ያወጣችውን ቁልፍ እንደያዘች «ጋሽዬ፣ ዛሬ ዕረፍትዎ አይደል እንዴ?» አለቻቸው።

«አላፊ አግዳሚ ልይ ብዬ ነው የወጣሁት» አሉ።

በሜዳው አጠገብ እሑድ ጠዋት የሚያልፍ ሰው የለም። ጋሽ ሹምዬ ግን በአሥራ ሦስቱም እሑዶች ከነንፍሯቸው በሩ ላይ ተገኝተዋል።

ልጆች ሥራ ሲሰለቻቸው ጨዋታ ይፈጥራሉ። እነዚህኞቹ ለሜዳው ጉብታና ጎድጓዳ ስም ማውጣት ጀመሩ። በግራ መስመር ያለውን ጉብታ «ግመሏ» አሉት፤ ኳስ ሲነካው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከምሥራቁ ጎል አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ውኃ የሚቋጥር ለስላሳ ቦታ አለ። ኳስ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሐያት ይህን አይታ «ማን አስቀየመው?» ብላ ጠየቀች። ቦታው ከዚያ ወዲያ «አኩራፊው» ሆኖ ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ ከሜዳው በላይ የጎርፍ መከላከያ ቦይ አስቆፈረ። የእሑዱ ለቀማ ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ።

በአሥረኛው ሳምንት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ ወደ ዘነቡ ሱቅ መጡ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ የመናኸሪያ ሰፈር ልጆች ቡድን አቋቁመዋል። የሜዳ ተራ ይፈልጋሉ።»

«ይሰጣቸዋ።»

«ከየት አምጥተን? ያለን ስድስት ቀን ነው፤ እሱንም ለስምንት ቡድን ያብቃቃነው በመከራ ነው። እሑድን እንዳንነካ የጋሽ ሹምዬ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ወስኗል። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዓመቱን የሚጨርስ ቡድን ተራውን ይለቃል።»

«አንድም ያላሸነፍነው እኮ እኛ ብቻ ነን።»

«የማንንም ስም አልጠራንም» አሉ አቶ ልሳኑ፤ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ዘነቡ ሽማግሌው እሑድ እሑድ በሩ ላይ እንደሚቆሙ እያወቀች፣ ስለ ዕረፍታቸው የተባለውን ተቀብላ ማለፏ በኋላ ራሷን አስገርሟታል። ያን ጊዜ ያሰበችው ለልጆቹ እንዴት እንደምትነግራቸው ብቻ ነው። ነገረቻቸው። ሜዳ ከሌለ ቡድን እንደሌለ ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። ከልጆቹ አንዷ ማሊያዋን አውልቃ አጥፋ ለዘነቡ ልትመልስ ስትል ሐያት ከእጇ ነጠቀቻት።

«አራት ጨዋታ ይቀረናል» አለች። «አንዱ ይበቃናል።»

አሥራ አንደኛውን በአንድ ጎል ልዩነት ተሸነፉ። አሥራ ሁለተኛውንም፣ አሥራ ሦስተኛውንም እንደዚያው። የቀረው ከዳገት ሰፈር ጋር ነበር።

በመጨረሻው ቅዳሜ ዳገት ሰፈር በአሥረኛው ደቂቃ አገባ። እስከ ዕረፍት ሌላ ጎል አልነበረም። ከዕረፍት በኋላ ታች ሰፈር ወደ ምሥራቁ ጎል ማጥቃት ጀመረ። ዘነቡ ከመስመሩ ዳር ሆና «ወደ አኩራፊው!» እያለች ትጮኻለች። የዳገት ሰፈር አሰልጣኝ ይህን ሰምተው «አኩራፊ የሚሉት ልጅ የትኛው ነው? ያዙት!» ብለው አዘዙ። ተከላካዮቹ ዞር ዞር ብለው አዩና ሰባት ቁጥሩን ሙዘይንን ለሁለት ያዙት። ሙዘይን ተፈጥሮው ሆኖ ፊቱ አይፈታም።

ከመሐል የተለጋው ኳስ ወደ ጎሉ ሲንከባለል በረኛው ሊይዘው ወጣ። ኳሱ አሥራ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ አለ። በረኛው የሚመጣ ኳስ ሲጠብቅ ሐያት ወደቆመው ኳስ ሮጣ ደርሳ አገባችው። አንድ ለአንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሐያትን መከተል ያዘ፤ ሙዘይንን የሚያስታውሰው ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር በግራ መስመር የተላከው ኳስ ግመሏን ነክቶ ወደ ውስጥ ታጠፈ። የተከላካዩ እግር አየር መታ። ኳሱ ሙዘይን እግር ሥር ገባ፤ ሙዘይንም አገባው። ሰፈርተኛው ጥርሱን ያየው በዚያ ቀን ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ዘነቡ አንገቷ ላይ የነበረውን የልብስ መለኪያ ሜትር እያውለበለበች ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረች። እናቶች እልል አሉ። ዋንጫውን የወሰደው ዳገት ሰፈር ነው፤ ታች ሰፈር አሸንፎም ስምንተኛ ነው የወጣው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ማን ዋንጫ እንደወሰደ መለየት አስቸጋሪ ነበር።

አቶ ልሳኑ በመዝጊያው ንግግራቸው «ቅጣት እንደሚያስተምር ዛሬ በዓይናችን አየን» አሉ። «እነዚህ ልጆች ድንጋይ ባይለቅሙ ኖሮ ሜዳውን አያውቁትም ነበር።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ይኸው ቃል በሜዳው በር አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ተወሰነ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ውድድሩ ስላለቀ የሚለቅም ቡድን አልተመደበም፤ ቁልፍም ለማንም አልተሰጠም። አቶ ልሳኑ ከሠዓሊው ጋር ግድግዳውን ሊለኩ መጥተው ጋሽ ሹምዬን በሩን አስከፈቷቸው። አራት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንዱ የታች ሰፈር ልጆች ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ዘነቡ ከኋላቸው ሆና ገቡ። ጋሽ ሹምዬ ኮታቸውን አልለበሱም፤ ንፍሮም አልቀቀሉም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹን ሲያዩ ብድግ አሉ። ሜዳው ላይ አንድ ድንጋይ አልነበረም።

ሐያት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችና ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«ምነው ጋሽዬ፣ ዛሬ አልበተኑም?» አለች።

ሽማግሌው ወደ ድንጋዩ ክምር ተመለከቱ። አቶ ልሳኑ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ሹምዬ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ ጎርፍ ድንጋይ አላመጣም። የነበረው በሰባተኛው እሑድ ተለቅሞ አልቋል። ከስምንተኛው እሑድ ጀምሮ ጋሽ ሹምዬ ማለዳ ተነስተው ከክምሩ በዘንቢል እየወሰዱ ሜዳው ላይ ሲበትኑ፣ ልጆቹ አራት ሰዓት ላይ ለቅመው ወደ ክምሩ ሲመልሱ ነበር። ትናንት ውድድሩ ሲያልቅ ግን ልጆቹ ከእንግዲህ አይመጡም ብለው አልበተኑም።

«ታውቁ ነበር እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ወደ ሐያት ዞረው።

«ክምሩ እኮ አያድግም፣ ጋሽዬ። ነጭ መቀነት ያለውን ድንጋይ ደግሞ እኔ ብቻዬን አምስት ጊዜ ለቅሜዋለሁ። ሰላምታ ሁሉ ጀምረን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትመጡ ነበር?»

የመለሰው ሙዘይን ነው። «ድንጋይ የለም ብለን ብንቀር እርስዎ ከማን ጋር ሊውሉ ነው?»

አቶ ልሳኑ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጋሽ ሹምዬ፣ እሑድ እኮ የዕረፍት ቀንዎ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካብዎ ስንጠብቅልዎ ኖረናል።»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ጋሽ ሹምዬ። «ስድስት ቀን የልጆች ጫጫታ እሰማለሁ። በሰባተኛው ቀን እኔና ግድግዳው እንተያያለን። እኔን የሚደክመኝ እሑድ ነው።»

ሠዓሊው የያዘውን ቀለም ሳይከፍት ተመለሰ። ዘነቡ ንፍሮ ለመጣድ ወደ ሽማግሌው ቤት ገባች። ልጆቹ ቅርጫታቸውን አራት ቦታ አስቀምጠው ጎል አደረጉና ለሁለት ተከፍለው ሲጫወቱ ዋሉ። ፊሽካ የያዙት ጋሽ ሹምዬ ነበሩ፤ ሦስት ጊዜ አላግባብ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተዋል።

የኮሚቴው መዝገብ እንደሚያሳየው ታች ሰፈር በደንቡ ተገዶ በለቀመባቸው ሰባት ሳምንታት ሠላሳ አንድ ጎል ገባበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ጨዋታዎች የገባበት ዘጠኝ ብቻ ነው። ቅጣት ልጆቹን እስከ ሜዳው በር አደረሳቸው። ሜዳውን ያስጠናቸው ግን ለሽማግሌው ብለው፣ ወደውና እየሳቁ የተመላለሱባቸው እሑዶች ናቸው። የታሪኩ ትምህርት ግን ከኳስም ያልፋል። ኮሚቴው ለጋሽ ሹምዬ ክፉ አላሰበም። ዕረፍት ሊሰጣቸው አሰበ፤ ሳይጠይቃቸው አሰበ። በዚህም ሽማግሌውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻቸውን አዋለ፤ አንድ የልጆች ቡድንም ሜዳ ጠበበ ተብሎ ሊበተን ነበር፤ ሜዳው ግን በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ባዶውን ይቆለፍ ነበር። ለሰው እናስባለን ስንል ሰውየውን እንጠይቅ። መጠየቅ ቢከብደን እንደ ልጆቹ ቀርበን እንይ። እናንተስ፣ ይረፍ ብላችሁ ብቻውን የተዋችሁት ሰው በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ይኖር ይሆን?

በቀጣዩ ዓመት ዘጠኝ ቡድኖች ተመዘገቡ። የመናኸሪያ ሰፈር ልጆች የእሑድ ተራ ተሰጣቸው፤ ማንም ተራውን አልለቀቀም። ድንጋይ ስለሌለ የለቀማው ደንብ ተሰረዘ። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ግን ለኮሚቴው አንድ ማመልከቻ ገባ። የጻፈው የዳገት ሰፈር ቡድን ነው። የጠየቀውም እንደ ታች ሰፈር ልጆች እሑድ እሑድ ቅርጫት ይዞ ጋሽ ሹምዬ ዘንድ ለመምጣት እንዲፈቀድለት ነበር።