በወይራ አፋፍ ባላንጣ ለምን ይመሰክራል

በወይራ አፋፍ ከተማ የቅርስ ኮሚሽኑ አንድን አሮጌ ቤት ለመመዝገብ ሲነሣ ስለ ቤቱ የሚጠይቀው ባለቤቱን አይደለም፤ ባለቤቱን የማይወደውን ጎረቤት ነው። በመመዝገቢያው ቅጽ ሦስተኛ መስመር ላይ «ከባለቤቱ ጋር የማይነጋገር ሰው ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ይህ ቦታ ሳይሞላ የቀረበ ማመልከቻ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ያረጀ ቢሆን፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለልምድ ልውውጥ ከሌላ ከተማ የሚመጡ ባለሙያዎች መጀመሪያ የኅትመት ስሕተት ይመስላቸዋል፤ ስሕተት አለመሆኑ ሲነገራቸው ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን በየከተማቸው ያስመዘገቧቸውን ቤቶች ታሪክ ማን እንደነገራቸው ማስታወስ ይጀምራሉ።

ልማዱ ከየት እንደመጣ የከተማው ሽማግሌዎች የሚናገሩት አለ። የሚናገሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እዚህ የተጻፈው አብዛኞቹ የሚስማሙበት ነው።

ዋናው መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ ይላሉ፣ መሐንዲሶች መጥተው ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ ያገኘው ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ቀይ የተቀባ ቤት ከመስቀል በዓል በኋላ ይፈርሳል ተባለ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ከበላይ ሌላ ደብዳቤ ደረሰ፤ ታሪክ ያለው አሮጌ ቤት እንዳይፈርስ፣ ይህንንም የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን እንዲቋቋም ያዛል። ሁለቱም ደብዳቤዎች የወጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ እንዲያውም ከአንድ ጠረጴዛ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህን ግን ማረጋገጥ አልተቻለም።

ከሦስቱ አባላት አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ቀያሽ ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ሰብሳቢው ግን አልተረሱም። ቀኛዝማች ውብነህ በሌላ አውራጃ ሃያ ዓመት በዳኝነት አገልግለው የተመለሱ ሰው ሲሆኑ፣ በእነዚያ ሃያ ዓመታት የሰሙት መሐላ በሰው ላይ የነበራቸውን እምነት ስለጨረሰው፣ ሰው «እንደምን አደሩ» ሲላቸው መንጋቱን ለማረጋገጥ ወደ መስኮት ይመለከቱ ነበር ይባላል።

የኮሚሽኑ መቋቋም በታወጀ በሳምንቱ ወይራ አፋፍ በአንድ ጊዜ አረጀች። ትናንት የተለሰነ ግድግዳ በጥላሸት ጠቆረ፤ ከገበያ የተገዛ በር እበት ውስጥ ተቀብሮ ሰንብቶ ወጣ። ደጃዝማች ሽበሽ የሚባሉ አንድ መኳንንት ከብዙ ዓመት በፊት በቅሏቸው አንክሳባቸው በከተማው አንድ ሌሊት ብቻ እንዳደሩ ይነገር ነበርና፣ ያደሩበትን መደብ የሚያሳይ ባለቤት በየደጁ ቆመ። ቀኛዝማች ቤት ለቤት ሲዞሩ በከዘራቸው ግድግዳውን ያንኳኳሉ፤ በሩን ያሸታሉ።

«ይህ በር እበት እበት ይላል» አሉ አንዱን ባለቤት።

«ደጃዝማቹ ያለፉበት በር ነዋ!»

«ደጃዝማቹ ከብት ነበሩ እንዴ?»

ማታ ጸሐፊው መዝገቡን ደምሮ ሲያነብ ደጃዝማቹ በዚያች ሌሊት በሠላሳ ሁለት ቤት ተኝተዋል። «መቼ ተኙ ታዲያ?» አሉ ቀኛዝማች፣ እንደሚነገረውም መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙት። በማግሥቱም በጡሩምባ እንዲህ ተባለ፦ ለቤቱ ባለቤቱ አይመሰክርም፤ ዘመዱም፣ የክርስትና አባቱም፣ የእድርና የማኅበር ባልደረባውም አይመሰክርለትም።

ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ችግሩ በወይራ አፋፍ ከእነዚህ የተረፈ ሰው አለመኖሩ ነው። በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ከሰው ሁሉ ጋር ወይ ተዋልዷል፣ ወይ ተጠማምቋል፣ ወይ አብሮ ቀብሯል። ኮሚሽኑ አንድም ቤት ሳይመዘግብ ክረምቱ ሊወጣ ሆነ። ሕዝቡም በበኩሉ ኮሚሽኑን ጠረጠረ፤ ቤት ለማዳን ሳይሆን «አጣርተን ምንም አላገኘንም» ብሎ ለመሐንዲሶቹ ለመፈረም የተሰበሰበ ነው የሚል ወሬ ከጠጅ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያንም ተመልሶ ወደ ጠጅ ቤት ይመላለስ ጀመር።

ቀይ ከተቀቡት ቤቶች መካከል የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልነበራቸው ሴት ሲሆኑ፣ ከዚያ ቤት ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም። ቤቱ ፎቅና ምድር ያለው የድንጋይ ቤት ነው፤ ክፈፉን የተሸከሙት የወይራ እንጨቶች ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወጥተው በኋላ በኩል ካለው ጎረቤት ግድግዳ በላይ ይደርሳሉ። ቤቱን ያየ ሰው አሮጌ መሆኑን ለማወቅ ኮሚሽን አያስፈልገውም። ሆኖም ኮሚሽኑ ደጃቸው ሲደርስ የሆነው ነገር ቀኛዝማችን ግራ አጋባቸው።

«ዕድሜው ስንት ይሆናል፣ ወይዘሮ?»

«የቤት ዕድሜ ይጠየቃል እንዴ?»

«ማን ሠራው?»

«ግንበኛ።»

«ደጃዝማቹስ?»

«እኛ ቤት እንግዳ አላደረም።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ቤታቸው ሊፈርስ ስድስት ሳምንት የቀረው ሰው፣ ከተማው ሁሉ ሲዋሽ፣ እርሳቸው እውነቱን እንኳ ለመናገር እምቢ አሉ። ቀኛዝማች ወደ ቢሮ ሲመለሱ ለጸሐፊው «ሁሉም በሚዋሽበት አገር የማይዋሽ ሰው ካየህ፣ የሚበልጥ ውሸት ደብቋል ማለት ነው» አሉት ይባላል። ስለዚህም ነገሩን ሊፈለፍሉት ቆርጠው ተነሡ፤ ከዚህች ሴት ጋር ዝምድናም፣ እድርም፣ ማኅበርም የሌለው ሰው ካለ ይጠራልኝ ብለው አዘዙ።

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ልጅ አዋቂው በአንድ አፍ «አቶ መሸሻ!» አለ።

አቶ መሸሻ በኋላ በኩል ያሉት ጎረቤት ናቸው። ከወይዘሮ ደብሪቱ ክፈፍ የሚወርደው ጠፈጠፍ ግድግዳቸውን ስለሚያበሰብሰው፣ ክፈፉ ይቆረጥልኝ ብለው ሃያ ሰባት ዓመት ተካሰዋል። ሦስት ዳኞች ተፈራርቀውባቸዋል፤ አንዳቸውም ቦታውን መጥተው አላዩም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ በር ቤተ ክርስቲያን አይገቡም፤ ወይዘሮ ደብሪቱ እድር የገቡ ዕለት አቶ መሸሻ ከእድሩ ወጥተዋል፤ «ብሞት እሷ ከምታለቅስልኝ አሞራ ይቅበረኝ» ብለዋል። በዚያ ላይ፣ የወይዘሮዋ ቤት ቢፈርስ ከጀርባው ተደብቆ የኖረው የአቶ መሸሻ ቤት በቀጥታ በአዲሱ መንገድ ላይ ይወጣል፤ በሩን ገልብጦ ሱቅ ለመክፈት የሚጎድለው መደርደሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክሩ ማን እንደሆነ በተሰማ ዕለት ምን ብሎ እንደሚመሰክር የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ደብሪቱ ዕቃቸውን ከፎቅ ማውረድ ጀመሩ።

በተቀጠረው ቀን ከተማው በቤቱ ፊት ተሰበሰበ። አቶ መሸሻ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ።

«ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር ዝምድና አለዎት?» አሉ ቀኛዝማች።

«እግዜር ይጠብቀኝ!»

«ትነጋገራላችሁ?»

«በፍርድ ቤት ብቻ።»

«ይህ ቤት ቢፈርስ የሚጠቀመው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሆን?»

ሕዝቡ ሳቀ። ቀኛዝማች አልሳቁም፤ እንዲህ በግልጽ ጥቅሜ ነው የሚል ምስክር በሃያ ዓመት ውስጥ ገጥሟቸው አያውቅምና ይበልጥ ተጠራጠሩ። «እንግዲያው ይናገሩ» አሉ፤ «ቤቱ አሮጌ ነው፣ አዲስ?»

አቶ መሸሻ መንገዱ የሚያልፍበትን አቅጣጫ አዩ፤ ከዚያ በብብታቸው ያለውን ጥቅል አዩ። ከዚያም «አሮጌ ነው» አሉ።

ሕዝቡ ወደ ፊት ተጠጋ።

«የሠሩት አያቷ ናቸው። ከበሩ በስተቀኝ አራተኛው የወይራ እንጨት የአናጢው መጥረቢያ የሳተበት ጠባሳ አለው፤ ሰባተኛው በአባቴ ዘመን ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ሰባ ዓመት ሙሉ፣ ከአያቴ ጀምሮ፣ ግድግዳችንን ሲያጥብ የኖረ ክፈፍ ነው! ይኸው ክሴ!» ጥቅሉን ፈቱት። በመጀመሪያው ክስ ላይ ይህ ሁሉ ተጽፏል፤ ከሥሩም ቤቱ ሲሠራ ያዩ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ የሦስት ሽማግሌዎች ቃል ከነመሐላቸው ሰፍሯል። «አዲስ ነው ካልኩማ» አሉ አቶ መሸሻ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ምን ስከስ ኖርኩ?»

ሰው የሚወደውን ቤት ከውስጥ ያውቀዋል፤ የሚጠላውን ግን ከውጭ ድንጋይ በድንጋይ ይቆጥረዋል። ቀኛዝማች ወረቀቱን አንድ ባንድ አነበቡ፤ አንብበውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ቆሙ። የተከሳሽ መልስ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ መስቀል ስመው፣ «አሮጌው ቤት ፈርሷል፤ ይህ ባለቤቴ ድንበሩን ጠብቆ የሠራው አዲስ ቤት ነው» ብለው ምለዋል። ያ ሁሉ ዝምታ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ተገለጠ፤ ቤቱ አሮጌ ነው ቢሉ በክሱ ይሸነፋሉ፣ ከዚያም የሚብሰው፣ በሐሰት መማላቸው ይወጣል፤ አዲስ ነው ቢሉ ዶዘሩ ደጅ ቆሟል።

«ወይዘሮ ደብሪቱ» አሉ ቀኛዝማች፣ «አቶ መሸሻ እውነት ተናገሩ ወይስ ዋሹ?»

ወይዘሮዋ በረንዳው ላይ ከተቆለለው ዕቃቸው አጠገብ ቆመዋል። ሕዝቡን አዩ፤ የንስሐ አባታቸውም ከመካከሉ ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ይህ ሰውዬ» አሉ፣ «በዕድሜው አንድ ቀን እውነት ተናገረ፤ እሱንም እኔን ለመርታት። ቤቱ የአያቴ ነው። የማልኩት በሐሰት ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ምስክሩም፣ ወይዘሮዋም ፈረሙ። በወይራ አፋፍ የመጀመሪያው የተመዘገበ ቤት ይህ ሆነ፤ መሐንዲሶቹም እያጉረመረሙ መንገዱን ቤቱ ዘንድ ሲደርስ እንዲታጠፍ አደረጉት።

የቀረው ቶሎ የሚነገር ነው። የንስሐ አባታቸው በወይዘሮዋ ላይ ጉልበታቸው የማይችለውን ስግደት አዘዙ ይባላል። አቶ መሸሻ የኮሚሽኑን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡና በኅዳር ረቱ፤ ክፈፉ ይቆረጥ ተባለ። አናጢ ቀጥረው፣ መጋዝ አስይዘው ሲመጡ ግን ግድግዳው ላይ የኮሚሽኑ ሰሌዳ ተመትቶ አገኙ፤ ከዚህ ቤት ድንጋይ ማንሣትም ሆነ እንጨት መቁረጥ ያስቀጣል ይላል። በቀጥታ ወደ ቀኛዝማች ገሰገሱ።

«ተፈርዶልኛል እኮ!»

«ፍርዱ ትክክል ነው። ይግባኝም የለውም።»

«እና ልቁረጠው?»

«አይቆረጥም። ቅርስ ነው።»

«ማነው ቅርስ ያደረገው?»

ቀኛዝማች መዝገቡን ገልጠው ፊርማውን አሳዩዋቸው።

አቶ መሸሻ ሱቁን ትተው፣ በራቸውን ሳይገለብጡ፣ በፍርድ ያሸነፉት ጠፈጠፍ እየወረደባቸው ኖሩ። ለምን እንደዚያ መሰከሩ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እውነት አሸንፏቸው ነው የሚሉ አሉ፤ ክሱን ከሱቁ ይልቅ ይወዱት ነበር የሚሉ ይበዛሉ። ቀኛዝማች ግን ሁለቱንም አላመኑም፤ ባላንጣዎቹ በስውር ተስማምተው አታለውኛል ብለው ሦስት ክረምት ሙሉ እየሄዱ ሲነጋገሩ ሊይዟቸው ሞከሩ። አልያዟቸውም። በሦስተኛው ክረምት ብቻ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት፣ ልክ ከክፈፉ ሥር፣ ጠፈጠፉን የሚቀበል ትልቅ ጋን ተቀምጦ አገኙ። የማን ነው ብለው አቶ መሸሻን ጠየቁ፤ «አላውቅም» አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱን ጠየቁ፤ «እኔ ምን አውቄ?» አሉ። ጋኑን ማን እንደሚደፋው ጎረቤቱን ሁሉ ቢጠይቁም ያየ አልተገኘም። በራሳቸው ሕግ ባላንጣ የመሰከረውን ማመን ግዴታ ነበርና ቀኛዝማች በመዝገቡ ላይ «ባለቤት የሌለው ጋን፣ አንድ» ብለው አስጽፈው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የባላንጣ ምስክርነት ልማድ ሆኖ ቀረ። መንግሥት ሁለቴ ተለውጧል፤ ኮሚሽኑም ስሙን አራት ጊዜ ቀይሯል፤ ሦስተኛው መስመር ግን አልተነካም። ዛሬ መንገዱ ያ ቤት ዘንድ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች እዚያ ቦታ ላይ የሚሉት እዚህ አይጻፍም። በከተማው ሁለት ጎረቤታሞች በአደባባይ መሰዳደብ ሲጀምሩም አላፊው «ምን አጣላቸው?» አይልም፤ «የማንኛቸው ቤት ሊመዘገብ ነው?» ይላል።

ኮሚሽኑም ይህን ስለሚያውቅ አሁን ጠቡን በወሬ አይቀበልም፤ የክስ መዝገብ ቁጥር ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት ሁለት የልጅነት ጓደኞች፣ የአንዱን ቤት ለማስመዝገብ፣ ገበያ መካከል ተሰዳድበው፣ አንዱ የሌላውን ባርኔጣ ጭቃ ውስጥ ረግጦ ቀረቡ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻቸውና «ፋይላችሁስ?» አለቻቸው። ፋይል አልነበራቸውም፤ ቤቱም ሳይመዘገብ ቀረ። ከቢሮው ሲወጡ ባርኔጣውን እንዲያ መርገጥ ምን አስፈለገ በሚል አንድ ቃል ተነጋገሩ፤ በሌላ ቃል ተመላለሱ። ሲነገር እንደሚሰማው አሁን የክስ ቁጥር አላቸው፤ ኮሚሽኑም በመጪው መስከረም ቤቱን ለማየት ቀጠሮ ይዟል።