የተበየደው መወጣጫ

«የከነከነሽን ነገር አፍነሽ አትያዢው፤ ጥያቄ አድርገሽ ለሰው ስጪው» አሉኝ አስተማሪዬ፣ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ዕለት። እነሆ ሰጠኋችሁ።

በአንድ ወቅት፣ መኪና ነዳጅ ትቶ በመብራት መሄድ በጀመረበት ዘመን፣ በአንዲት ከተማ ቻርጅ ማድረጊያው አንድ ብቻ ነበርና ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። መንግሥትም «ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ ያለው ሚኒባስ ሰልፍ አይጠብቅ» ብሎ መመሪያ አወጣ። ድንበሩ የተባለ ሰው ይህን ሰምቶ መወጣጫ ያለው ሚኒባስ ገዛ። ከዚያ መወጣጫው እንዳይዘረጋ አስበየደው፤ በላዩም ሦስት ወንበር ተከለበት። ሰልፍ አይጠብቅም፤ አካል ጉዳተኛም አያሳፍርም።

በዚያች ከተማ የአንድ አባት ሦስት ልጆች ነበሩ። ታላቋ ውዴ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ልብስ ሰፊ ናት። ጎሹ በያጅ ነው፤ ያን መወጣጫ የበየደው እሱ ነው። ታናሿ ሽታዬ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ትሠራለች፤ መወጣጫው እንደማይከፈት እያወቀች ድንበሩን ከሰልፍ ፊት የምታስገባው እሷ ናት።

አባታቸው ሞቱ። ጎሹና ሽታዬ አስከሬኑን ይዘው ቀደሙ፤ ውዴ ጎረቤቶች «መወጣጫ ያለው ሚኒባስ አለ» ስላሏት ፌርማታ ላይ ቀረች። ድንበሩ ደርሶ አያትና በመስኮቱ «ወንበርሽ ራሱ ባለ ጎማ አይደል? ንጂው እንጂ!» ብሏት አለፈ። ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር።

«ይህን ሰው ካላዋረድን የአባታችን ልጆች አይደለንም» ብለው ሦስቱም መቃብሩ ላይ ማሉ።

ጎሹ በማግስቱ መቁረጫ ማሽኑን ይዞ መናኸሪያ ገባ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለው ድንበሩ።

«ሥራዬን ላፈርስ።»

በሕዝብ ፊት ብየዳውን ቆረጠ፤ ሦስቱን ወንበሮች ነቅሎ መንገድ ላይ ጣላቸው። «የሰው ንብረት አበላሸህ» ተብሎ ሁለት ወር ታሰረ።

ድንበሩ በሌላ በያጅ አስበይዶ ወደ ቻርጅ ማድረጊያው ተመለሰ። ሽታዬ የቻርጁን ገመድ ከእጇ አልለቀቀችም።

«መመሪያውን አታውቂም እንዴ?»

«መወጣጫህን ዘርጋና እሰካልሃለሁ፣ ጋሼ።»

ሳምንት ሙሉ ሰልፍ ስታስይዘው ገበያው ደረቀ። አለቆቿ ግን «የሚታየው መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የፈቃድ ወረቀት ነው፤ መወጣጫው አንቺን አይመለከትም» ብለው አባረሯት።

ውዴ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊወጣ ሲል ወንበሯን ፊቱ አቁማ ፍሬኑን ያዘች።

«ዞር በይ፣ እቴ!»

«ንጂው ብለኸኝ የለ? ነድቼ ነድቼ እዚህ ደረስኩ።»

እስከ ማታ አልተነሳችም። ሹማምንት መጡ፤ መወጣጫው ታየ፤ የድንበሩ ፈቃድ ተነጠቀ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ሴት ግን በዚያው ቀን የወንድሟ ቀብር አመለጣት።

ድንበሩ ሥራ ሲፈታ ሽማግሌ ላከ። ጎሹ ከእስር በወጣ ሳምንት ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አሸክመው ከሟቹ ደጅ አቆሙት። በዚያ አገር ወግ «አውርድ» እስኪባል ድንጋዩ ከጫንቃ አይወርድም፤ ቃሉም ከተበዳዮቹ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ቃሉ የእኔ ነው» አለች ውዴ። «አባቴን ሳልቀብር የቀረሁት እኔ ነኝ። እስኪወድቅ ይሸከም!»

«አንቺስ የሰው ቀብር አላስቀረሽም?» አለ ጎሹ። «የታሰርኩት እኔ ነኝ።»

«የበየድከውም አንተ!» አለች ሽታዬ። «ገበያውን ያደረቅኩት እኔ፤ እንጀራዬን ያጣሁት እኔ!»

«ከሰልፍ ፊት ስታስገቢውስ ማን ነበርሽ?» አለቻት ውዴ።

 ድንጋዩ አሁንም የድንበሩ ጫንቃ ላይ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ «አውርድ» ማለት ወይም ዝም ብሎ ማየት ከሦስቱ ለማን ይገባል?

ይህን ጎረቤቶቼን በጠየቅኩ ዕለት ጭቅጭቁ ሲጋጋል፣ መልሴን ከፊቴ እንዳያነቡ ዞር ብዬ ልጄን አዘልኩ።